ሁለተኛው ምዕራፍ፦ የዮሐንስ ኬፕለር ሥራና ቤት

በአዲስ ኪዳን ዘመን የሮም ወታደር በመንገድ ያገኘውን የአገሬውን ሰው አስገድዶ ሸክሙን አንድ ምዕራፍ ያህል ለማሸከም ሥልጣን ነበረው። በዚህ ግዳጅ የተያዘ ሰው እምቢ ለማለት አይችልም፤ የታዘዘውን ርቀት ከፈጸመ በኋላ ግን ሸክሙን አውርዶ ወደ ጉዳዩ ቢመለስ የሚወቅሰው የለም። በተራራው ስብከት የተሰጠው ትምህርት ከዚህ ግዳጅ ይነሣና ደቀ መዝሙሩ ሁለተኛውን ምዕራፍ በገዛ ፈቃዱ እንዲጨምር ያዝዛል። በቋንቋችን ምዕራፍ ማለት የመጽሐፍ ክፍል ብቻ ሳይሆን መንገደኛ ደርሶ የሚያርፍበት ቦታም ስለ ሆነ፣ የነገሩን ክብደት ለመረዳት አያዳግተንም። ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ማረፍ ከተፈቀደበት ቦታ ነው።

ይህ ትምህርት ብዙ ጊዜ በደፈናው ትጋት ተብሎ ይተረጐማል። ነገር ግን ትጉህ ሰው ሁሉ ሁለተኛውን ምዕራፍ ሄዷል ለማለት አይቻልም። ለሹመት፣ ለደመወዝ ወይም ለዝና ሲል ሌሊቱን ቀን አድርጎ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፤ የእርሱም ድካም ከመጀመሪያው ምዕራፍ አያልፍም። ስለዚህ የዚህን ትምህርት ምንነት ለመመርመር አንድ እውነተኛ ሕይወት ይዞ መመልከት ይሻላል። በዚህ ማኅበር ጥላ ሥር የተሰበሰብን የልኬትና የስሌት ባለሙያዎች እንደ መሆናችን መጠን፣ ከእኛው ሙያ የወጣውን የጀርመናዊውን የሥነ ፈለክ ሊቅ የዮሐንስ ኬፕለርን ሕይወት ለዚህ መርጠናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመን

ኬፕለር ታኅሣሥ 27 ቀን 1571 በደቡብ ጀርመን፣ ቫይል ደር ሽታት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ደካማ ሕፃን ነበር። ገና በልጅነቱ የያዘው ፈንጣጣ ዐይኑን አድክሞ እጆቹንም ጐድቶ ተወው። አባቱ ሃይንሪክ ለከፈለው ሁሉ የሚዘምት ቅጥረኛ ወታደር ስለ ነበረ ቤቱን እየተወ ይሄድ ነበር፤ በመጨረሻም ልጁ ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው እንደ ወጣ ቀረ። እናቱ ካታሪና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ስትሆን፣ ሥር ምሳ ቅጠል በጥሳ ለበሽተኛ መድኃኒት የምትሰጥ፣ ቀጭን፣ አንደበተ ስለታምና ከጐረቤት ጋር መጋጨት የሚቀናት ሴት ነበረች። ልጇ ራሱ ስለ ቤተ ሰቡ በጻፈው ማስታወሻ የእናቱን ጠባይ ለማሳመር አልሞከረም።

ይሁን እንጂ በ1577 ታላቁ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ሲታይ፣ የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ ወደ ከፍታ ቦታ በመውጣት ያሳየችው ይህችው እናት ናት። ዐይነ ደካማ የነበረው ሕፃን ወደ ሰማይ እንዲያይ መጀመሪያ የጋበዘችው እርሷ መሆኗን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ልጁ በትምህርቱ ብልህ ሆኖ ስለ ተገኘ በዊርተምበርግ መሳፍንት የነፃ ትምህርት ድጋፍ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችን አልፎ በ1589 ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዓላማው የሉተር ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ መሆን ነበር። በዚያም መምህሩ ሚካኤል ሜስትሊን ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን ሐሳብ አስተዋወቀው። የሃይማኖት ትምህርቱን ሊያጠናቅቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1594 በኦስትሪያ ግዛት በግራትስ ከተማ የሞተ የሒሳብ መምህር እንዲተካ ተላከ። ኬፕለር ቅር ብሎት ሄደ። በኋላ ግን እግዚአብሔር በመጽሐፉ ብቻ ሳይሆን በፍጥረቱም እንደሚነበብ አምኖ፣ የሥነ ፈለክን ሥራ እንደ ክህነት አገልግሎት ቈጠረው። ይህን እምነቱን ሳንይዝ በሥራው ላይ ያሳየውን ጭንቀት መረዳት አንችልም። የፈጣሪን ሥራ በግምት መግለጽ ለእርሱ የስሌት ጉድለት ብቻ ሳይሆን የታማኝነትም ጉድለት ነበር።

ስምንት ደቂቃ

በ1598 የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ የሆነው መስፍን ፈርዲናንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪዎችና መምህራን ከግራትስ እንዲወጡ አዘዘ። ኬፕለር ለጊዜው እንዲመለስ ተፈቀደለት፤ በ1600 ግን ሃይማኖቱን ለመለወጥ ባለመፈለጉ ከነቤተ ሰቡ ለመሰደድ ተገደደ። ወደ ፕራግ ሄዶም ከዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ ጋር መሥራት ጀመረ። ቲኮ መነጽረ ርቀት ከመፈልሰፉ በፊት በዐይን ብቻ ሰማይን ከለኩት ሁሉ የላቀ ባለሙያ ነበር። መሣሪያዎቹ ግዙፍ፣ ልኬቶቹም የሚታመኑ ነበሩ። ለኬፕለር የመደበለት ሥራ የማርስን፣ ማለት የመሪኅን፣ ጕዞ በስሌት ማስተካከል ነበር። በጥቅምት 1601 ቲኮ በድንገት ታሞ ሲሞት ሥራውም፣ የንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ 2ኛ የሒሳብ ሊቅነት ማዕረግም ለኬፕለር ተላለፈ። ደመወዙ ግን አልተላለፈም። ለቲኮ 3,000 ጉልደን ሲከፈል የኬፕለር 500 ጉልደን ብቻ ነበረ፤ እርሱም ቢሆን በወቅቱ የሚከፈልበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ኬፕለር የማርስን መንገድ በጥንቱ ደንብ መሠረት ክብ አድርጎ ያሰላ ጀመር። በዚያን ዘመን ሎጋሪዝም ገና ለሕዝብ ስላልቀረበ እያንዳንዱ ሙከራ ብዙ ገጽ የሚሞላ ድርድር ነበር። እርሱም ይህንኑ ስሌት ሰባ ጊዜ ያህል ደጋገመ። በመጨረሻ ያገኘው ውጤት የማርስን አቅጣጫ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ውስጥ የሚያሳይ መልካም ውጤት ነበር። (አንድ ደቂቃ ማለት እዚህ ላይ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ እጅ ነው።) ብዙ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጦ ምስጋና ይቀበል ነበር። ኬፕለር ግን የገዛ ውጤቱን በሌላ መንገድ ፈተነው፤ የማርስን ርቀት የሚመለከቱ ሌሎች ልኬቶችን አምጥቶ ሲያመሳክር ሐሳቡ አልቆመም። ርቀቱ እንዲስማማ ሲያስተካክለው ደግሞ አቅጣጫው በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ደቂቃ ተሳሳተ።

ስምንት ደቂቃ ማለት ከሙሉ ጨረቃ ስፋት አንድ አራተኛ ያህል ነው። ከጥንት ጀምሮ ዐሥር ደቂቃ ያህል ስሕተት ለሥነ ፈለክ ሥራ በቂ ሆኖ ይቈጠር ስለ ነበር፣ ኬፕለር በዚያ ቢያቆም ማንም የሙያ ባልደረባ ባልተቸው ነበር። ልዩነቱን የመለኪያ ስሕተት ነው ብሎ ማለፍም ይቻል ነበር። ኬፕለር ግን ቲኮ ስምንት ደቂቃ ሊሳሳት እንደማይችል ያውቃል። እንዲህ ያለ ትክክለኛ ለኪ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ብሎ ስላመነ፣ ስጦታውን ችላ ማለትን እንደ ውለታ ቢስነት ቈጠረው። ስለዚህ የዓመታት ድካሙን አፍርሶ እንደገና ጀመረ። ከብዙ የተሳሳተ መንገድ በኋላ በ1605 የማርስ ጕዞ ፍጹም ክብ ሳይሆን ኤሊፕስ የሚባል ሞላላ ቅርጽ እንደ ሆነ፣ ፀሐይም ከቅርጹ ሁለት ማእከሎች በአንዱ ላይ እንደምትገኝ አረጋገጠ። ይህና የጕዞውን ፍጥነት የሚገልጸው ሕግ የወጡበት አዲስ ሥነ ፈለክ የተባለው መጽሐፍ በ1609 ታተመ። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቈየው የክብ ጕዞ እምነት በዚያች በስምንት ደቂቃ ምክንያት ወደቀ።

በመጽሐፉ ውስጥ ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ኬፕለር የተሳሳተባቸውን መንገዶች ደብቆ ውጤቱን ብቻ አላቀረበም፤ የት እንደ ተሳሳተና ለምን እንደ ተሳሳተ ለአንባቢው በዝርዝር ጽፏል። ልኬቶቹም የቲኮ መሆናቸውን ደጋግሞ መስክሯል።

የቤቱ ሸክም

ስለ ሊቃውንት ስንጽፍ ቤታቸውን መርሳት ልማዳችን ነው። የኬፕለር ቤት ግን እንዲረሳ የሚፈቅድ አይደለም። በ1597 በግራትስ ያገባት ባርባራ ሁለት ባል የሞተባት፣ ሬጊና የምትባል ልጅ የነበረቻት ሴት ናት። ኬፕለር የእንጀራ ልጁን እንደ ራሱ ልጅ አሳደጋት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆቻቸው ገና በሕፃንነታቸው ሞቱ። ባርባራ የአባቷን ሀብትና ዘመዶቿን ትታ ወደ ፕራግ ከተሰደደች በኋላ፣ ደመወዙ በማይከፈል ባል ቤት በችግርና በትካዜ ኖረች። ኬፕለርም በስሌቱ ተጠምዶ ሳለ ለሚስቱ ጥያቄ ትዕግሥት ያጣባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ይህንንም ከሞተች በኋላ በጸጸት ጽፎታል። እንግዲህ ለማርስ ሁለተኛውን ምዕራፍ የሄደው ሰው በቤቱ የመጀመሪያውን ሳይጨርስ የቀረበት ቀን ነበረ ማለት ነው። ይህን መሸሸግ አይገባም፤ በሥራው የተመሰገነ ሰው ሁሉ የሚፈተንበት ነገር ነውና።

1611 ለእርሱ የመከራ ዓመት ሆነ። የስድስት ዓመት ልጁ ፍሪድሪክ በፈንጣጣ ሞተ። ጦርነትና ወረርሽኝ ፕራግን አወኳት፤ ደጋፊው ንጉሠ ነገሥት ዙፋኑን ለወንድሙ ለመልቀቅ ተገደደ። በዚያው ዓመት ባርባራም ታማ ዐረፈች። ሁለት ልጆች የተረፉለት ኬፕለር በ1612 በኦስትሪያ ወደምትገኘው ሊንትስ ተዛወረ።

በ1613 እንደገና ሲያገባ ወዳጆቹ ባለጠጋ ወይም ባለማዕረግ ሴት እንዲመርጥ ይመክሩት ነበር። እርሱ ግን ሱዛና ሮይቲንገር የተባለችውን ወላጆቿ የሞቱባትንና ጥሎሽ የሌላትን ወጣት መረጠ፤ ለእንጀራ ልጆቿ ደግ እንደምትሆን ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ተስፋውም አላሳፈረውም። ለቤቱ ወይን ሲገዛ ነጋዴው በበርሜሉ ቀዳዳ አንድ ዘንግ አስገብቶ ይዘቱን ሲለካ አይቶ የአለካኩ ትክክለኛነት አሳሰበውና፣ የበርሜሎችን ይዘት ስለ ማስላት በ1615 መጽሐፍ አሳተመ። ያ መጽሐፍ በኋላ ካልኩለስ ለተባለው ስሌት መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል።

በሊንትስ ሌላ ፈተና ጠበቀው። የራሱ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ የሃይማኖቱን የስምምነት ሰነድ እንዲፈርም ጠየቀው። ኬፕለር ስለ ክርስቶስ ሥጋ በሁሉ ቦታ መገኘት የተጻፈውን አንቀጽ በኅሊናው ስላልተቀበለው፣ ያን አንቀጽ ሳያስወጣ ለመፈረም እምቢ አለ። በዚህም ምክንያት ከቅዱስ ቁርባን ተከለከለ፤ ለሽቱትጋርት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ያቀረበውም አቤቱታ ውድቅ ሆነ። በካቶሊኮች ዘንድ ለእምነቱ የተሰደደ፣ በሉተራውያንም ዘንድ ከማእድ የተለየ ሰው ሆነ። በአንድ ፊርማ ከሁለቱ በአንዱ ዘንድ ሰላም ሊያገኝ ይችል ነበር።

ከዚህ ላይ ስለ ሁለተኛው ምዕራፍ አንድ ነገር እንማራለን። ጉልበትን፣ ጊዜንና ገንዘብን ከታዘዘው በላይ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የማያምኑበትን አምናለሁ ብሎ መፈረም ደግሞ ሌላ ነው። ኬፕለር የመጀመሪያውን ሳይሰስት ሰጥቷል፤ ሁለተኛውን ግን ለማንም አልሰጠም። ከቤተ ክርስቲያኑም አልኰበለለም። በ1617 ለልጆቹና ለቤተ ሰቡ ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚያስረዳ ትንሽ የትምህርት መጽሐፍ ጽፎ አሳተመ። ራሱ የተከለከለውን ማእድ ልጆቹ በማስተዋል እንዲቀርቡት አዘጋጃቸው። የተበደለ አባት ቂሙን ለልጆቹ ማውረስ በሚቀናው ዓለም፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእናቱ ክስ

በ1615 መጨረሻ ከእኅቱ የተላከ ደብዳቤ ለኬፕለር ደረሰው። እናቱ ካታሪና በምትኖርበት በሌዮንበርግ ከተማ ከአንዲት የቀድሞ ወዳጇ ጋር ተጣልታ፣ መርዛም መጠጥ ሰጥታ አሳመመችኝ ተብሎ በጥንቆላ ስሟ ተነሥቷል። በዚያ ወቅት በዚያው አካባቢ ብዙ ሴቶች በዚህ ዐይነት ክስ ተይዘው ይቃጠሉ ነበር። መድኃኒት የምታውቅ፣ ባል የሌላት፣ ያረጀችና አንደበቷ የሚጐረብጥ ሴት ከሁሉ ይልቅ ትጠረጠራለች። ልጆቿ ስም አጥፍተዋል ብለው በከሳሾቿ ላይ ክስ ቢመሠርቱም፣ ዳኛው የከሳሾቹ ወገን ስለ ነበረ ጉዳዩ ከዓመት ወደ ዓመት እየተንጓተተ ሐሜቱ እየበዛ ሄደ። የአንዱ እግር ሲያነክስ፣ የሌላዋ ክንድ ሲደነዝዝ፣ ከብት ሲሞት ሁሉም በካታሪና ላይ ተጻፈ። ኬፕለርን ይበልጥ ያሳመመው፣ ስለ ጨረቃ ጕዞ የጻፈውና መድኃኒተኛ እናት የምትገኝበት አንድ የምናብ ድርሰት ሳይታተም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሐሜቱን አግዞ ይሆናል የሚለው የራሱ ሥጋት ነበር።

ኬፕለር እናቱን ለተወሰነ ጊዜ ወደ ሊንትስ አስመጥቶ በቤቱ አኖራት፤ እርሷ ግን ወደ አገሯ ተመለሰች። በነሐሴ 1620 ሌሊት ከልጇ ከማርጋሬታ ቤት ተይዛ ታሰረች። ዕድሜዋ ከሰባ ዓመት በላይ ነበር። በብረት ሰንሰለት ታስራ፣ ሁለት ጠባቂዎች ቆመውባት፣ የጠባቂዎቹም ወጪ ከራሷ ንብረት ይከፈል ነበር። ከወንዶች ልጆቿ አንዱ የሆነው የቆርቆሮ ዕቃ ሠሪው ክሪስቶፍ ለስሙ ፈርቶ ጉዳዩ ከሚኖርበት ከተማ ወጥቶ በሌላ ሥፍራ እንዲታይ ጠየቀ፤ ነገሩም ወደ ጉግሊንገን ተዛወረ። ማርጋሬታ ብቻ እናቷን አልተወችም፤ ለታላቅ ወንድሟም ጻፈችለት።

በዚህን ጊዜ ኬፕለር የአርባ ስምንት ዓመት ሰው፣ የንጉሠ ነገሥቱ የሒሳብ ሊቅና በመላ አውሮፓ የታወቀ ደራሲ ነበር። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ተጀምሮ የጦር ሠራዊት በኦስትሪያ ላይ ዘምቷል። ደብዳቤ ጽፎ፣ ጠበቃ ገዝቶ፣ ሥራና ልጆች አሉብኝ ብሎ ቢቀር በቂ ምክንያት ነበረው። ለጠንቋይ ልጅነት መጠርጠርም ለራሱ አደገኛ ነበር። እርሱ ግን ሥራውን አቋርጦ፣ ሚስቱንና ልጆቹን በሬገንስቡርግ አስቀምጦ፣ በጦርነት በታወከ አገር መካከል በመቶ የሚቈጠሩ ኪሎ ሜትሮች ተጕዞ ወደ እስር ቤቱ ደረሰ። ከአንድ ዓመት በላይም ከጉዳዩ አልተለየም። የፍርድ ቤቱ ጸሓፊ እስረኛዋ የሒሳብ ሊቁን ልጇን ይዛ መቅረቧን ቅር እያለው በመዝገቡ ላይ አሰፈረ።

መከላከያው የተዘጋጀው ማርስን በመረመረበት ዘዴ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቱቢንገን የትምህርት ጓደኛው የነበረ የሕግ ሊቅ ረዳው። ኬፕለር የምስክሮቹን ቃል አንድ በአንድ ወስዶ ከቀንና ከቦታ ጋር አመሳከረ፤ የሚጋጨውን ለየ፤ በጥንቆላ ለተባለው ሕመም ሁሉ የተፈጥሮ ምክንያቱን ፈለገ። እግሩ ሰለለ የተባለው የትምህርት ቤት መምህር ከባድ ነገር ተሸክሞ ቦይ ሲዘል ተጐድቶ እንደ ነበረ አሳየ። ክንዷ ደነዘዘ የተባለችው ልጃገረድ ከዐቅሟ በላይ ጡብ ትሸከም እንደ ነበረ ገለጸ። ዋናዋ ከሳሽም ከክሱ አስቀድማ በሌሎች መድኃኒቶች ጤናዋን አውካ እንደ ነበር ዘረዘረ። የመጨረሻው የመከላከያ ጽሑፍ 128 ገጽ ነበር። በማርስ ጕዞ ላይ ስምንት ደቂቃን ያልናቀ ሰው፣ በእናቱ ክስ ላይ የአንዲት ልጃገረድ ክንድ የደነዘዘበትን ምክንያት አልናቀም።

ዳኞቹ ነገሩን ወደ ቱቢንገን የሕግ ሊቃውንት መሩት፤ እነርሱም ካታሪና የማሠቃያ መሣሪያዎቹ ፊት ቀርባ በማስፈራራት ብቻ እንድትጠየቅ ወሰኑ። በመስከረም 1621 መጨረሻ አሮጊቷ በገራፊው ፊት ቆማ የማላውቀውን አላምንም በማለት ጸናች። በሚቀጥለውም ሳምንት ከዐሥራ አራት ወር እስር በኋላ በነፃ ተለቀቀች። ወደ ከተማዋ ለመመለስ ግን ሕዝቡ እንደሚገድላት ይዝት ነበር። በሚያዝያ 1622 ሞተች። ልጇ ያተረፈላት ዕድሜ ስድስት ወር ብቻ ነበር። ቢሆንም በእሳት ሳይሆን በአልጋዋ ላይ እንድትሞት አደረገ። በ1577 ከፍታ ላይ ወጥታ ኮከብ ያሳየችው እናት ውለታዋን እንዳገኘች ልንቈጥረው እንችላለን።

ለሞተ ሰው የተጠበቀ ቃል

ኬፕለር ከዚህ ሁሉ ጋር የተሸከመው አንድ ዕዳ ነበር። ቲኮ ብራሄ በሞት አልጋው ላይ ሳለ የልኬቶቹ ሁሉ ፍሬ የሆነውን የፈለክ ሰንጠረዥ እንዲፈጽምለት አደራ ብሎት ነበር። ሰንጠረዡ በማናቸውም ዓመትና ቀን የፈለካትን ቦታ ለማወቅ የሚያስችል ነበረ። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ይገምታል። ኬፕለር የራሱን ሕጎች ካገኘ በኋላ በዝናው ብቻ መኖር ይችል ነበር። በ1618 ትንሿ ልጁ ካታሪና በሞተችበት ዓመት፣ ሰንጠረዥ መደርደር አቅቶት የዓለምን ስምምነት ወደ መመርመር ዞሮ ሦስተኛውን ሕግ አገኘ። ከዚያም ወደ አሰልቺው ሥራ ተመለሰ። የእስኮትላንዱ ጆን ኔፒር በ1614 ያወጣውን ሎጋሪዝም ሲያይ ጥቅሙን ወዲያው ተረዳ፤ አንዳንድ ሊቃውንት ግን መሠረቱ ያልተረጋገጠ ነው በማለት ተጠራጠሩት። ኬፕለር መሠረቱን ራሱ አረጋግጦ የራሱን የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ በ1624 አሳተመና የቀድሞውን ስሌት በአዲሱ ዘዴ ዐደሰው።

የማሳተሚያውን ገንዘብ የንጉሠ ነገሥቱ ግምጃ ቤት ሊከፍል ይገባ ነበር። ለኬፕለር ያልተከፈለው ውዝፍ ደመወዝ ከ6,000 ጉልደን በላይ ደርሷል። ግምጃ ቤቱ ዕዳውን ወደ ሦስት ከተሞች አስተላለፈና ሊቁ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ከከተማ ወደ ከተማ ዞሮ ከጥያቄው ከፊሉን ብቻ አገኘ። በ1626 ሊንትስ በዐመፀኛ ገበሬዎች ተከባ ማተሚያ ቤቱ ተቃጠለ። ኬፕለር ቤተ ሰቡን በሬገንስቡርግ ትቶ ወደ ኡልም ተሻገረ፤ በዚያም በራሱ ወጪ፣ በማተሚያው አጠገብ ቆሞ ቁጥሮቹን እያረመ፣ በ1627 አንድ ሺህ ቅጂ አሳተመ። የኡልም ሰዎችም ሊቁ በከተማቸው መገኘቱን ምክንያት አድርገው የመስፈሪያቸውን መለያየት አማከሩት፤ እርሱም የርዝመትን፣ የይዘትንና የክብደትን ልክ በአንድነት የሚያሳይ ጋን ነድፎ አሠራላቸው። ይህን ለማድረግ ግዴታ አልነበረበትም።

የሩዶልፍ ሰንጠረዥ በተባለው በዚህ መጽሐፍ ገጽ ላይ በዋና ባለቤትነት የተጻፈው የቲኮ ስም ነው። ከአደራው ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት አልፏል። የቲኮ ወራሾች ብዙ ጊዜ አስቸግረውታል፤ ከሳሽም ሆነ አስገዳጅ ሆኖ ሊቆም የሚችለው ባለ አደራ ግን ከሞተ ቈይቷል። ሁለተኛው ምዕራፍ በእርግጥ ምን እንደ ሆነ ከዚህ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ ዋጋ የሚከፍል፣ የሚያመሰግን ወይም የሚቈጣጠር ሰው በሌለበት የተሄደ መንገድ ነው።

በ1630 መጸው ኬፕለር ያልተከፈለውን ገንዘብ ለማስከበር ብቻውን በፈረስ ወጥቶ በሬገንስቡርግ በትኩሳት ታመመ፤ ኅዳር 15 ቀንም በአምሳ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ግምጃ ቤቱ ያን ጊዜ ከ11,000 ጉልደን በላይ ዕዳ ነበረበት፤ ሱዛናና ልጆቿ በችግር ቀሩ። የተቀበረበት የመካነ መቃብር ቦታ በጦርነቱ ስለ ፈረሰ መቃብሩ ዛሬ አይታወቅም። ነገር ግን በሰንጠረዡ መሠረት ሜርኩሪ ኅዳር 7 ቀን 1631 በፀሐይ ፊት እንደምታልፍ አስቀድሞ አስታውቆ ነበር። ፈረንሳዊው ፒየር ጋሰንዲ በዚያ ቀን በፓሪስ ሆኖ ሲጠባበቅ ትንሿን ጥቁር ነጥብ በፀሐይ ገጽ ላይ አያት። የኬፕለር ስሌት ከሌሎቹ የዘመኑ ሰንጠረዦች ሁሉ በብዙ እጥፍ የተቃና ሆኖ ተገኘ። ለኪው ቲኮና አሳላዩ ኬፕለር ሁለቱም በመቃብር ሳሉ ቃላቸው በሰማይ ተመሰከረ።

ለእኛ የሚቀረው

የኬፕለርን ሕይወት ያነሣነው የሥራ ሰዓት እንዲረዝም ለመምከር አይደለም። ከሥራው ብዛት የተነሣ ለባርባራ የነፈጋት ትዕግሥት እንዲህ ያለው ምክር የት እንደሚያደርስ ያሳያል። ከታሪኩ የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ሙያ ስምንት ደቂቃ የሚባል ቦታ አለ። ቁጥሩ ለሕጉ ይበቃል፣ ተቈጣጣሪው ይቀበላል፣ ባለሙያው ብቻ በልቡ ትክክል አለመሆኑን ያውቃል። በእያንዳንዱም ቤተ ሰብ ለመርዳት የሚያስቸግር፣ ምስጋናው የማይገኝ፣ ዘመድ ሁሉ ምክንያት ሰጥቶ የራቀው አንድ ሰው አይታጣም። ክርስቲያን የሆነ ባለሙያ የሚፈተነው በሁለቱም ቦታ በአንድ ዐይነት ነው። ድልድዩን በጥንቃቄ እየለካ እናቱን የሚረሳ፣ ወይም ለዘመዱ ደግ ሆኖ በሥራው ግምት የሚሸጥ ሰው፣ ግማሹን መንገድ ብቻ ሄዷል።

ኬፕለር የሄደው መንገድ ብዙ ጊዜ በድካም፣ አንዳንድ ጊዜም በጸጸት የተሞላ ነበር። ሦስቱ ሕጎቹ በየትምህርት ቤቱ ይነገራሉ። የጉግሊንገኑ እስር ቤት ግን በፊዚክስ መጽሐፍ አይገኝም። የሙያ ባልደረቦቻችን ስሙ በተጠራ ቁጥር ሞላላውን የማርስ ጕዞና በሰንሰለት የታሰረችውን አሮጊት አንድ ላይ ቢያስታውሱ፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈበት ዓላማ ተፈጸመ ማለት ነው።